8028፦ የግብርና ምክር በእጅ ስልክ

8028 አርሶ አደሮች የግብርና ምክርና የማስጠንቀቂያ መልዕክት ያለ ክፍያ የሚያገኙበት የስልክ መስመር ነው። በ2006 ዓ.ም. በቀድሞው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ፣ በአሁኑ ኢንስቲትዩት፣ ከግብርና ሚኒስቴር፣ ከኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር በመተባበር ተጀመረ።

አሠራሩ

ደዋዩ ቋንቋውን ከመረጠ በኋላ፣ የተቀዳው ድምፅ እየመራው ቁጥሮችን በመጫን ወደሚፈልገው ሰብል ይደርሳል። ስለ ማሳ ዝግጅት፣ አዘራር፣ ማዳበሪያ አጠቃቀም፣ ሰብል ጥበቃና ድኅረ ምርት አያያዝ ያዳምጣል። አገልግሎቱ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ጀምሮ ኋላ ሌሎች ቋንቋዎችን አክሏል።

ለምን ተቀባይነት አገኘ?

ኢንተርኔትም ሆነ ዘመናዊ ስልክ አይጠይቅም፤ ተራው ባለ ቁልፍ ስልክ ይበቃል። ማንበብ የማይችል ሰው በቋንቋው ይሰማል፤ ያልገባውን ደግሞ መልሶ ያዳምጣል። በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ አርሶ አደሮች የደወሉበትም በዚህ ምክንያት ነው።

የዋግ ማስጠንቀቂያ

በ2002/03 የምርት ዘመን ቢጫ ዋግ በሀገሪቱ የስንዴ ማሳዎች ላይ በወረርሽኝ መልክ ተከስቶ፣ በስፋት ይዘራ የነበረውን ኩብሳን ጨምሮ በርካታ ዝርያዎችን አጠቃ። በሽታው በነፋስ ከአካባቢ ወደ አካባቢ ስለሚዛመት አስቀድሞ ማወቅ ወሳኝ ነው። በጊዜው የተረጨ ፀረ ፈንገስ ሰብሉን ሊያድን ይችላል፤ የዘገየ ርጭት ግን በጉዳቱ ላይ ወጪ ይጨምራል። ዛሬ የማሳ አሰሳ ውጤትና የአየር ትንበያ ተቀናጅተው ስጋት ያለባቸው አካባቢዎች ይለያሉ፤ መረጃውም በስልክ መልዕክት ለአርሶ አደሩና ለግብርና ባለሙያው ይላካል።

ውስንነቱ

የተቀዳ ድምፅ ማሳን አያይም። የአንዱ ቀበሌ ዋልካና የሌላው ቀይ አፈር ለየቅል ናቸውና፣ የሰማነውን ከልማት ጣቢያ ሠራተኛ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። ኔትወርክና የባትሪ መሙያ በማይገኝበት ሥፍራም አገልግሎቱ ይቋረጣል። ስልኩ በአባወራው እጅ ብቻ በሚቆይበት ቤት ደግሞ፣ በአረምና በአጨዳ እኩል የምትደክመው እማወራ ምክሩን ሳትሰማ ትቀራለች።

ተጠቃሚው ልብ ሊለው የሚገባ

ማስጠንቀቂያ የሚላከው በተመዘገበው አካባቢና ሰብል መሠረት ስለሆነ ሲመዘገቡ ትክክለኛውን መናገር ይገባል። ምክሩን ከቤተሰብ ጋር ሆኖ ማዳመጥ መልካም ነው፤ በሽታ ማሳ ላይ ከታየ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ማሳወቅ የጎረቤትንም ሰብል ያተርፋል።