ጋን በጠጠር ይደገፋል



በአፉላ ከአዲስ ገቢ ቤተሰቦች ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ አለ፦ «ልጄ ጋን ሄዶ ሲጫወት ይውላል፤ ታዲያ መቼ ነው የሚማረው?» አንዲት እናት እንዲህ ብላ ልጇን በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ታስቀረው ነበር። አንደኛ ክፍል ሲገባ ቋንቋውም ጓደኛውም አዲስ ሆነበት።

በአገራችን ጋን የጠላ መጥመቂያ ነው፤ በዕብራይስጥ ግን የአትክልት ቦታ ማለት ነው። ስሙ የመጣው ከጀርመን ነው። ፍሪድሪኽ ፍሮብል የተባለ መምህር በ1837 እ.ኤ.አ. ለሕፃናት የጨዋታ ቦታ ከፈተ፤ በ1840 «የልጆች አትክልት ቦታ» ብሎ ሰየመው። ኳስና የእንጨት ኩብ እየሰጠ ቅርጽንና ቁጥርን በእጃቸው ዳስሰው እንዲያውቁ አደረገ።

በእስራኤል የመጀመሪያው የዕብራይስጥ ጋን የተከፈተው በ1898 በሪሾን ለጽዮን ነው። ያን ጊዜ ብዙዎቹ ወላጆች እቤታቸው ዕብራይስጥ አይናገሩም ነበር። ልጆቹ በዘፈንና በጨዋታ ለምደው ቋንቋውን ወደ ቤት ይዘው ገቡ። ዛሬ ጋን ከ3 ዓመት ጀምሮ በሕግ ግዴታ፣ ትምህርቱም በነፃ ነው።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ጎንደር ሳለን መቁጠርን በገበጣ፣ ማሰብን በእንቆቅልሽ ተምረናል። ቅልብልቦሻችንንም የእስራኤል ልጆች «ሐሜሽ አቫኒም»፣ አምስት ድንጋይ፣ ብለው ይጫወቱታል።

እንግዲህ «ዕብራይስጥ አላውቅም፣ ምን ላግዘው?» አትበሉ። ጠዋት ልጁን ወደ ጋን ላኩት፤ ማታ በአማርኛችሁ እንቆቅልሽ ጠይቁት፤ አምስት ጠጠር ለቅማችሁ አብራችሁት ተጫወቱ። ጋን በጠጠር ይደገፋል ይሉ የለም አባቶቻችን!