በደብረ ቀርሜሎስ ግርጌ፦ የሮክ ክሊፕ ሥርዓትና የእስክስታ ትከሻ

ነቢዩ ኤልያስ 450ውን የበኣል ነቢያት ባሳፈረበት በደብረ ቀርሜሎስ ግርጌ፣ የቂሶን ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ሰላጤ ዳር የተቆረቆረችው ሃይፋ በእኛ ታሪክ ስሟ የሚነሣው በዘመነ ስደት ነው። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው፣ ከጅቡቲ ኤንተርፕራይዝ በተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው፣ ሚያዝያ 30 ቀን ከነቤተ ሰባቸው የወረዱት ከተመረቀ ሦስት ዓመት ባልሞላው በሃይፋ ወደብ ነበር፤ በዚያው ዕለትም በባቡር ወደ ኢየሩሳሌም ሲወጡ በዚያ የነበረው የአሜሪካን ኮሎኒ ማኅበር ፎቶግራፍ አንሺዎች ሥዕላቸውን አንሥተው ለትውልድ አቆይተዋል። ስለ ሮክ ሙዚቃ ክሊፕ ሊጽፍ ብዕሩን ያነሣ ሰው ከንጉሠ ነገሥት ስደት መጀመሩ እንግዳ ነገር ይመስል ይሆናል፤ ይሁን እንጂ የሮክ ሰዎች ዛሬ የራሳችን ነው የሚሉት የካሜራ ሥርዓት ብዙው የተወረሰው ባለማዕርግ ከመርከብ ሲወርድና የክብር ዘብ ሲሰለፍ ከሚነሣው የዜና ፊልም ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ከወደብ መነሣት ይሻላል።

የዚያ ዘመን ዜና ፊልም አንሺ ካሜራው ከባድ፣ ጥቅሉም ቶሎ የሚያልቅ ስለ ነበረ፣ የሚያነሣውን አስቀድሞ በልቡ መድቦ ይጠብቅ ነበር፤ መጀመሪያ መርከቡንና ወደቡን ከሩቅ፣ ቀጥሎ የተቀባዩን ሕዝብ ከመካከለኛ ርቀት፣ በመጨረሻም የእንግዳውን ፊት ለብቻው ከቅርብ ያሳያል። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ፊቱ ተለይቶ የሚታየው አንድ ብቻ ነውና፣ ተመልካቹ ማንም ሳይነግረው ጌታውን ከአጃቢው ይለያል። ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ አብዛኛው ዜና ፊልም የሚነሣው ያለ ድምፅ ሆኖ ሙዚቃውና ትረካው በኋላ በስቱዲዮ ይጨመርለት ነበር። የዛሬው የክሊፕ ዘፋኝም በካሜራ ፊት ከንፈሩን የሚያንቀሳቅሰው ቀድሞ በተቀዳ ዜማ ላይ ስለ ሆነ፣ ሥዕል ከአንድ ቦታ፣ ድምፅ ከሌላ ቦታ መጥተው በኤዲተር ጠረጴዛ ላይ የሚጋቡበት ጥበብ ከሮክ በዕድሜ ይበልጣል ማለት ነው።

ሮክ በዚህ የቆየ ሥርዓት ላይ የጨመረው ነገር፣ አድናቂዎቹ እንደሚያስቡት ከዐመፀኛ መንፈስ ብቻ ሳይሆን፣ ብዙውን ጊዜ ከችግር የተወለደ ነው። ዘፋኙን ከታች ወደ ላይ እያዩ ግዙፍ አድርጎ ማንሣት የተለመደው የካሜራማኑ መቆሚያ ከመድረኩ በታች፣ በአጥሩና በመድረኩ መካከል ባለው ጠባብ ስፍራ ስለ ነበረ ነው፤ ጊታሩ ብቻውን ሲጮኽ ካሜራው ከፊት ወደ ጣቶች የሚወርደውም በዚያች ሰዓት ዘፋኙ ዝም ስለሚልና በፊቱ ላይ የሚታይ ነገር ስለማይኖር ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ሪቻርድ ሌስተር ከቢትልሶች ጋር በሠራው ፊልም ሥዕልን በሙዚቃ ምት ላይ መቁረጥን አሳየ፤ በ1969 ደግሞ ማይክል ዋድሊ በዉድስቶክ ሜዳ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚጎርሱ ቀላል ካሜራዎችን በብዙ ሰው ትከሻ አሰማርቶ፣ ያነሣውን ሁሉ በአንድ ገጽ ማሳየት ቢሳነው ሸራውን ለሁለትና ለሦስት ከፈለው። በ1975 ኩዊን የተባለው ቡድን በጉዞ ላይ ስለ ነበረ በቴሌቪዥን ቀርቦ ለመዝፈን ስላልተመቸው፣ ብሩስ ጋወርስ በአራት ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ክሊፕ ሠራለት፤ አራቱ ፊቶች በጨለማ ውስጥ፣ ብርሃን ከላይ ወርዶባቸው፣ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እንደ ተሣሉ ቅዱሳን ትክ ብለው የሚያዩበት ሥዕል ከዚያ ወዲህ ስንት ቡድን እንደ ቀዳው ፈጣሪ ይወቀው። ኤም ቲቪ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 1981 ሥራ ሲጀምር ሥርዓቱ በሙሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር።

ሃይፋ ያለችባት እስራኤል ግን ይህን ሁሉ ዘግይታ ነው ያየችው። የመንግሥቱ ቴሌቪዥን ጣቢያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው፤ ባለ ቀለም ሥዕል ቅንጦት ነው፣ ድኻውንም ካቅሙ በላይ ያስወጣዋል ተብሎ፣ ከውጭ የመጣ ፕሮግራም ሳይቀር መሒቆን በተባለ መሣሪያ ቀለሙ እየተደመሰሰ ይተላለፍ ነበር። የአገሩ ሰው ደግሞ የተደመሰሰውን ቀለም የሚመልስ ሌላ መሣሪያ እየገዛ በየቤቱ ተከለ፤ መንግሥት በአንድ እጅ ሲያጠፋ ሕዝብ በሌላው ሲያበራ ነገሩ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ቆየ። ከሃይፋ በስተ ሰሜን፣ የነዳጅ ማጣሪያው ከሚገኝበት ሰላጤ አጠገብ ባለው በቂርያት ሐይም፣ ከናዚ የሞት ካምፕ የተረፉ የተሰሎንቄ አይሁድ ልጅ ሆኖ በ1950 የተወለደው ይሁዳ ፖሊከር፣ ቤንዚን ከተባለው የሮክ ቡድኑ ጋር የመጀመሪያውን አልበም ያወጣው በ1982፣ ይኸው ቀለም ገና በሚገባበት ሰዓት ነው። በኋላ ወደ አባቶቹ የግሪክ ዜማና ወደ ቡዙኪ ቢመለስም የካሜራው ሥርዓት አልተቸገረበትም፤ ቡዙኪ ተመቺ እንደ ጊታር ተመቺ ጥበቡ በጣቶቹ ላይ ስለሚታይ፣ የቆየው ልማድ እንዳለ አገለገለ።

የተቸገረው በእኛ ሰዎች ነው። በሃይፋና በዙሪያዋ ባሉት ቂርያት በሚባሉ ሰፈሮች፣ በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ከተጓዙት ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤል መካከል ብዙዎች ሰፈሩ፤ በቀርሜሎስ ሸንተረር ላይ ባለው የሚን ኦርድ በተባለው የወጣቶች መንደርም ከጎንደር የመጡ ልጆች አደጉበት። መንደሩ የተሰየመው ለኦርድ ዊንጌት ነው፤ ከጃንሆይ ጋር በጎጃም በኩል ገብቶ የተዋጋው፣ በአዲስ አበባም ትምህርት ቤት በስሙ የሚጠራለት እርሱ መሆኑን ልጆቹ ስንቶቹ እንዳወቁ እንጃ። የዳንስ ተመራማሪዋ ዶክተር ሩት ኤሼል በመጤዎቹ ማረፊያ እየዞሩ ጭፈራቸውን በቪዲዮ ከቀረጹ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮጵያ የመጡ ተማሪዎችን ሰብስበው እስክስታ የተባለውን የዳንስ ቲያትር አቋቋሙ።

እስክስታን ለማንሣት ካሜራ የያዘ ሰው የሮክን ሥርዓት መርሳት አለበት። የጎንደሩ ጨፋሪ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ እግሩን እምብዛም ሳያነሣ ሲቆም፣ ነገሩ ሁሉ የሚሆነው በአንገትና በወገብ መካከል ነው፤ ትከሻው ወደ ላይ ይዘላል፣ ደረቱ ወደ ፊት ይመታል፣ አንገቱ ለብቻው ይሄዳል፣ ትንፋሹም በጥርሱ መካከል እየተቆረጠ ይወጣል። ካሜራው እንደ ሮክ ልማድ ወደ ፊቱ ቢጠጋ ትከሻው ከሥዕሉ ውጭ ይቀራል፤ ከታች ወደ ላይ ቢመለከት ደረቱ አገጩን ይሸፍነዋል፤ በጣም ቢርቅ ያ ረቂቅ ንቅናቄ ቀሚስና ነጠላ ሆኖ ይጠፋል። ጭፈራው ደግሞ ግጥሚያ ነውና፣ አንዱን ለይቶ አጉልቶ ማሳየት የሌላውን መልስ መቁረጥ ነው። ክራር ተመቺውን በጣቶቹ ማሳየት ይቻል ይሆናል፤ መሰንቆ ግን ደጋኑን የሚስበው ክንድ በሙሉ ካልታየ ግማሹ ዘፈን ይቀራል።

ስለዚህ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን፣ ዘፋኙን ከወገብ በላይ፣ ተወዛዋዦቹን ከጎኑ አድርጎ ካሜራውን ሳያንቀሳቅስ ያሳይ የነበረውን አቀራረብ፣ የዛሬ ወጣቶች በድህነትና በስንፍና ሲተረጉሙት እኔ አልስማማም። መሣሪያው ከባድ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያ ርቀት ለትከሻ የተመቸ ርቀት ነበር።

ጃኖ የተባለው የሮክ ባንድ በቢል ላስዌል ፕሮዲውሰርነት እ.ኤ.አ. በ2012 ኤርታሌ የተሰኘውን አልበም ሲያወጣ ሁለቱ ሥርዓቶች በአንድ ቤት ተገናኙ። ባንዱ ያን ጊዜ ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ድምፃውያን የነበሩት በመሆኑ፣ አንድን ፊት ብቻ የማንገሥ ልማድ ለእርሱ ከመጀመሪያውም የሚመች አልነበረም። ከዚህ የሚከብደው ግን የኤዲተሩ ሥራ ነው፤ ሮክ በአራት ምት ሲሄድ በሁለተኛውና በአራተኛው ምት ላይ ሥዕል መቁረጥ የለመደ እጅ፣ ዜማው ወደ ችክችካ ተዛውሮ በ6/8 ሲመታ በዚያው ልማድ ከቀጠለ፣ ትከሻው የጀመረውን ሳይጨርስ ወደ ከበሮው ይሻገርበታል።