የአዲሱ ገበያ ፌስታልና የሮታምስቴድ ማሳ

ወደ ጎጃም በሚወጣው መንገድ ላይ ባለው አዲሱ ገበያ፣ እንደ ሌላው አዲስ አበባ ሁሉ፣ ከተጣለ ነገር ዋጋ ያለውን የመለየት ሙያ የቆራሌው ነው። በየደጁ እየተጣራ ይገዛው በነበረው ቆርቆሮና ጠርሙስ ላይ ጄሪካንና ሃይላንድ ተጨመረ፤ ጆንያው መርካቶ ምናለሽ ተራ ሲራገፍ ሁሉም ገዢ አለው። ፌስታል ግን ገዢ አላገኘም። ስስ ነው፣ ሚዛን አያነሳም፣ ከአትክልት ልጣጭና ከጭቃ ጋር ይጣላል፤ ክረምት ሲገባ ጎርፍ ወደ ቦይና ወደ ወንዝ ይወስደዋል። ይህ ገበያው የናቀው ዕቃ አብዛኛው ፖሊኤቲሊን ነው። ፖሊኤቲሊን ደግሞ ኦክስጅን በሌለበት ምድጃ ወደ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ ወደ ዘይት፣ ሰምና ጋዝ ይለወጣል። ለዚህ ሥራ ትልቁ ችግር የዕቃው አለመመሳሰል ነው፤ የሙከራ ንድፍ የተባለው ዘዴ ደግሞ ከመነሻው የተፈጠረው ለማይመሳሰል ነገር ነው።

ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1919 እንግሊዝ ወደሚገኘው የሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሲገባ የገጠመው ፈተና የአፈር ልዩነት ነበር። ምርቱ የጨመረው በማዳበሪያው ይሁን በመሬቱ ለምነት መለየት ያስቸግር ነበር። ማሳውን በብሎክ፣ ማለትም እርስ በርስ በሚመሳሰሉ ክፍሎች፣ መክፈልን፣ ማዳበሪያውን በዕጣ መደልደልንና ብዙ ነገሮችን በአንድነት እየለዋወጡ መሞከርን ሥርዓት አስያዘ፤ በ1935ም በመጽሐፍ አወጣው። ዘዴውን ለኬሚካል ፋብሪካ እንዲመች አድርገው በ1951 ያሳደጉት ጆርጅ ቦክስና ዊልሰን አይ.ሲ.አይ. የተባለው የኬሚካል ኩባንያ ሰዎች ነበሩ። ፖሊኤቲሊን በ1933 የተገኘውም በዚያው ኩባንያ ቤተ ሙከራ ነው። የፌስታሉ ጥሬ ዕቃና ፌስታሉን ለመመርመር የሚበጀው ዘዴ ከአንድ ቤት ወጥተዋል ማለት ነው፤ እኛ ጋ ቀድሞ የደረሰው ግን ጥሬ ዕቃው ነው።

የምድጃው ሙቀት፣ ቆይታና ካታሊስት (ለውጡን የሚያፋጥን ነገር) በሦስት በሦስት ደረጃ ቢፈተኑ 27 ሙከራ ይጠይቃሉ፤ ቦክስና ቤንከን እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጡት ንድፍ 12 ሙከራና ጥቂት የመሐል ነጥብ ድግግሞሽ ይበቃዋል። ካታሊስት ሲጨመር ተስማሚው ሙቀት ዝቅ ስለሚል፣ አንዱን አስሮ ሌላውን ብቻ የሚለውጥ ሰው ትክክለኛውን ነጥብ ሊያልፈው ይችላል። የውጭ ጥናት እያለ ለምን እንደገና እንደክማለን የሚል ይኖራል። ብዙው ጥናት የተሠራው ከፋብሪካ በወጣ ንጹሕ ፕላስቲክ ነው፤ የአዲሱ ገበያ ፌስታል ግን የክረምቱ ከበጋው ይለያል፣ ስለዚህ ወቅቱ ራሱ ብሎክ መሆን አለበት። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ማመንጫ አይበቃም ወይ ለሚለውም፣ ማቃጠል ሙቀቱን ወዲያው ይጨርሰዋል፤ ዘይት ግን ተከማችቶ በሚፈለግበት ጊዜ ጥቅም ላይ ይውላል። ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የሕጉ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊሜትር የማይበልጥ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ከልክሏል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ክልከላው ጠንክሯል። ክልከላውን እደግፋለሁ። ሆኖም ባለፉት ዓመታት የተጣለውን አያነሳም፤ የዘይት ጄሪካኑና የምግብ ማሸጊያውም አሁንም አለ። ምድጃው ሁሉን ይቀበላል ማለት ግን አይደለም። ፒቪሲ ከተቀላቀለበት ብረት የሚበላና ሳንባ የሚጎዳ የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ይወጣል፤ ሃይላንድ የሚሠራበት ፒኢቲም ጥሩ ዘይት አይሰጥም። ስለዚህ ንድፉ ከዘይቱ መጠን ጋር ክሎሪኑንም መለካት አለበት፤ የፕላስቲኩን ዓይነት በዓይንና በእጅ የሚለየው ቆራሌውም፣ ፌስታሉ በኪሎ ዋጋ ወጥቶለት፣ ከመጀመሪያው ናሙና ጀምሮ በሥራው መሳተፍ አለበት።