ከአሞሌ ጨው እስከ ስልክ ብር፦ የእድር መዋጮ በምን ይከፈል?



ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በየእድሩ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ይኸውም የወር መዋጮ እንደ ዱሮው በእጅ ይከፈል ወይስ በስልክ ይላክ የሚል ነው። ወጣቶቹ «በስልክ ይሁን፣ ሰልፉ ይቅርልን» ይላሉ። በዕድሜ የገፋነው ደግሞ «በዓይናችን ያላየነውን ገንዘብ እንዴት ከፈልን እንላለን?» እንላለን። ሁለቱም ወገን የየራሱ እውነት አለው። እኔ በበኩሌ ብዙ ዘመን ደረሰኝ ስቆርጥና መዝገብ ስሞላ የኖርኩ ሰው ነኝና፣ ወደ ክርክሩ ከመግባታችን በፊት ገንዘብ ራሱ በአገራችን እንዴት እየተለወጠ እንደመጣ በአጭሩ ላስታውስ እወዳለሁ። ዛሬ አዲስ የሚመስለን ነገር ብዙው ዱሮም የነበረ ነው።

የፊተኞቹ አባቶቻችን በአሞሌ ጨው ይገበያዩ ነበር። አሞሌ በአፋር በረሓ ከምድር እየተቆረጠና እየተጠረበ፣ በግመልና በአጋሰስ ተጭኖ ወደ ደጋው ይወጣል። በ1512 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው አልቫሬዝ የሚባለው የፖርቱጋል ቄስም ጨው በኢትዮጵያ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል አይቶ ጽፏል። አሞሌ ከተቆፈረበት ቦታ እየራቀ በሄደ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ስለዚህ በእኛ በጎጃም፣ በቡሬና በባሶ ገበያ፣ ውድ ነበር። ታዲያ አሞሌ ችግርም ነበረበት። ከተሰበረ ዋጋው ይወርዳል፤ ክረምት ሲገባም እርጥበት ይበላዋል። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለበለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይወረውሩሃል» የሚባለው ተረት ለገንዘብም ይሠራል። ገንዘብ ገንዘብ የሚሆነው ተቀባዩ ሲያምነው ብቻ ነው።

ከአሞሌ ጋር ጎን ለጎን ጠገራ ብር መጣ። ይህ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት፣ 28 ግራም ገደማ የሚመዝን የብር ገንዘብ ነው። በየትኛውም ዓመት ይሠራ፣ ሁልጊዜ 1780 የሚል የፈረንጅ ቁጥር ተቀርጾበት ይወጣ ነበር። ገበያተኛው እያገላበጠ፣ የንግሥቲቱ ጌጥ ፈዞ እንደሆነ እየመረመረ ይቀበላል። ዳግማዊ ምኒልክ 1887 ዓ.ም. የሚል የተቀረጸበትን የራሳቸውን ብር በፓሪስ አሠርተው ቢያወጡም፣ የገጠሩ ሰው ጠገራውን ቶሎ አልተወም። ጣሊያንም በወረራው ዘመን የወረቀት ሊሬውን ሕዝቡ እንዲቀበል ቢያዝ እሺ አላሰኘም። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጎጃም በኩል ሲመለሱ፣ አርበኞችና እንግሊዞች ወደ ቡሬ በገሰገሱበት ዘመቻ፣ ጠገራ ብር ከሱዳን በግመል ተጭኖ ይመጣ እንደነበር በታሪክ ተጽፏል። ነገሩ ግልጽ ነው። ሰው ገንዘብን የሚቀበለው በአዋጅ ብቻ ሳይሆን ነገ ሌላው ሰው ይቀበለኛል ብሎ ሲያምን ነው።

ከዚያ በኋላ የወረቀት ዘመን ሆነ። በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። ከነፃነት በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በ1935 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጣ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም በ1956 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ቆመ። ወረቀት ከጠገራ ይቀላል፣ ነገር ግን በራሱ ብር አይደለም። ዋጋው ያለው ባወጣው ባንክ ቃል ውስጥ ነው። ይህንንም የገንዘብ ቅያሪ በመጣ ቁጥር እያየነው ኖረናል። በ1969 ዓ.ም. ኖቱ ተለወጠ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ደግሞ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተለውጠው አዲስ የ200 ብር ኖት ሲወጣ፣ መለወጫው ሦስት ወር ብቻ ነበር። ገንዘቡን በማሰሮና በጎታ ሥር ለደበቀ ሰው ያ ትልቅ ጭንቀት ነው። በእጄ የያዝኩት አይጠፋም የሚለው እምነት ሙሉ እውነት እንዳልሆነ ያን ጊዜ ታየ።

አሁን ወደ ስልኩ ለመድረስ በሐዋላ በኩል ማለፍ ያስፈልጋል። ከቡሬ በርበሬና በቆሎ ጭኖ አዲስ አበባ የሚሸጥ ነጋዴ፣ ገንዘብ ተሸክሞ መንገድ መሄድ አደጋ እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ በፖስታ ቤት ወይም በባንክ ሐዋላ ይልካል። ልብ በሉ፣ ሐዋላ ሲላክ ገንዘቡ ራሱ መንገድ አይሄድም። እዚያ ገቢ ተብሎ ይጻፋል፣ እዚህ ወጪ ተብሎ ይከፈላል፤ የሚሄደው መልእክቱ ነው። የስልክ ክፍያም ከዚህ የተለየ አይደለም። ከአንዱ ሒሳብ ይቀነሳል፣ በሌላው ላይ ይደመራል። መዝገቡ ግን ደብተር መሆኑ ቀርቶ ኮምፒዩተር ሆኗል፤ ሳምንት የሚፈጀውም በደቂቃ ያልቃል።

በጎረቤታችን በኬንያ ኤምፔሳ የሚባለው የስልክ ገንዘብ በ1999 ዓ.ም. ተጀመረ። በእኛ አገር የብሔራዊ ክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718/2003 ወጣ። ከዚያም ኤምብር የተባለው አገልግሎት ከአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ጋር ጭምር ሠራ። ይህ ተቋም በ2014 ዓ.ም. ጸደይ ባንክ የሆነው ነው። ዳሸን ባንክ በ2010 ዓ.ም. የስልክ ክፍያ ሲያወጣ ስሙን «አሞሌ» አለው። የጥንቱ ጨው በስልክ ውስጥ ተነሣ ማለት ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን የጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከ47 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ እንዳለው አስታውቋል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ኤምፔሳ እኛም ዘንድ ገባ።

ይህ ሁሉ የመጣው ሻጭና ገዢ ሳይተያዩ እንዲገበያዩ ነው። ልጆቻችን በስልክ ልብስና መጽሐፍ ያዛሉ፣ የአውሮፕላን ቲኬት ይቆርጣሉ። ገዢው «ብሬን በልቶ ዕቃውን ቢያስቀርብኝስ?» ይላል። ሻጩም «ዕቃዬን ወስዶ ባይከፍለኝስ?» ይላል። በመካከል ባንኩ ወይም ከፋዩ ድርጅት እንደ ምስክር ይቆማል። አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተደረገ ግብይትና መልእክት በሕግ ፊት እንዲጸና ደነገገ። ዱሮ በገበያ ሦስተኛ ሰው ምስክር እንደምናቆመው ያለ ነው።

እንግዲህ ጥቅሙን ካየን ጉዳቱንም አንሸሽግ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለብዙ ወራት ቆይቷል። በኢንተርኔት የሚሠራው ክፍያ ሁሉ አብሮ ቆመ። በአጭር ቁጥር የሚሠራውም ቢሆን የስልኩ መስመር ከጠፋ ይጠፋል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የንግድ ባንክ ኮምፒዩተር በአንድ ሌሊት ተሳስቶ ሰዎች የሌላቸውን ገንዘብ አወጡ፤ ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደወጣበት ገልጾ ለማስመለስ ብዙ ደከመ። ከዚህም ሌላ «ከባንክ ነው የምንደውለው፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩን» የሚሉ ሌቦች አሉ። የሚስጥር ቁጥር እንደ ሣጥን ቁልፍ ነው። ለልጅም ቢሆን አይሰጥም።

ታዲያ ለእድራችን ምን ይሻላል? የእድር ገንዘብ የሱቅ ገንዘብ አይደለም። ሰው ሲሞት ለሣጥኑ፣ ለአቡጀዲው፣ ለድንኳኑ በዚያው ቀን ይፈለጋል። ሬሳ ኔትወርክ እስኪመጣ አይጠብቅም። በዚህ ላይ ስልክ የሌላቸው፣ ማንበብ የማይችሉ እናቶች አሉን። ለሠላሳ ዓመት ሳያጓድሉ የከፈሉ ናቸው። ስልክ የለሽም ተብሎ ከመዝገብ የምትወጣ አንዲት እናት ብትኖር እድራችን እድር መሆኑ ይቀራል። በሌላ በኩል አዲስ አበባ ያለ ልጅ የእናቱን መዋጮ በሰዓቱ ልኮ ቅጣት ቢያስቀርላት ምን ክፋት አለው?

ስለዚህ የሚከተለውን ለጉባኤው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በስልክ የሚላክ መዋጮ በማኅበሩ ስም በተከፈተ ሒሳብ ብቻ ይግባ። በዳኛውም ሆነ በገንዘብ ያዡ የግል ስልክ አይሁን፤ ሰውየው ታማኝ ቢሆንም ነገ ቢሞት ገንዘቡ ከውርስ ጋር ይደባለቃል።

ሁለተኛ፣ በስልክ የመጣው የክፍያ ቁጥር ከነቀኑ በደብተራችን ይገልበጥ፤ ካርኒም ይቆረጥ። ልጅ ስለ እናቱ ሲከፍል መልእክቱ የሚያሳየው የልጁን ስም ነው። ጸሐፊው የእናቲቱን የአባልነት ቁጥር ካልጻፈ፣ ከፍላ ሳለች ያልከፈለች ትባላለች። ከፋዩ መልእክቱን ስላሳየ ብቻም አይበቃም፤ ገንዘቡ በማኅበሩ ሒሳብ መግባቱ ይታይ።

ሦስተኛ፣ በእጅ መክፈል የሚፈልግ እንደ ዱሮው በወሩ ስብሰባ ይክፈል። ልዩነት አይደረግበት።

አራተኛ፣ ለአንድ ቀብር የሚበቃ ጥሬ ገንዘብ ሁልጊዜ በሣጥን ይቀመጥ፤ ቁልፉም በሦስት ሰው እጅ ይሁን።

በአሞሌ፣ በጠገራ፣ በወረቀት፣ አሁን ደግሞ በስልክ፣ ገንዘብ ልብሱን እየለወጠ መጥቷል። በእኛ አገር ብር የሚባል ወንዝ አለ፤ ክረምት ይሞላል፣ በጋ ይጎድላል፣ ያም ሆኖ ወንዝነቱን አይተውም። መዋጯችንም በየትኛውም መንገድ ቢመጣ የሚጠብቀው ምስክርና መዝገብ ነው። አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ነው። ስልኩን እንቀበል፣ ደብተሩን ግን አንዝጋ።