መጎተት ሌላ፣ መሸከም ሌላ

(በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦክቶበር 12 ቀን 2012 ሌሊት፣ ሎስ አንጀለስ። ኢንዴቨር የተባለችው ጡረታ የወጣች የጠፈር መንኮራኩር ከአውሮፕላን ማረፊያው ተነስታ ወደ ካሊፎርኒያ ሳይንስ ማዕከል በከተማው ጎዳናዎች ላይ እየተጓዘች ነው። በመንገዷ ላይ የ405 አውራ ጎዳናን የሚሻገር ድልድይ አለ። እስከዚያ ድረስ ያመጣት ባለብዙ ጎማ ከባድ ማጓጓዣ ለድልድዩ ስለማይሆን፣ መንኮራኩሯ ቀለል ወዳለ ጋሪ ተዛወረችና ከፊቷ አንድ ቶዮታ ታንድራ ፒክአፕ ተጠመደ። ጭነቱ 292,000 ፓውንድ ነበር፤ ወደ 132 ቶን ማለት ነው። ፒክአፑ ቀስ እያለ ድልድዩን ተሻገረ። ካሜራዎች ቀረጹት፣ ማስታወቂያም ተሠራበት።

ያው አምራች ለደንበኛው በጽሑፍ የሚፈቅደው የመጎተት አቅም ግን 10,000 ፓውንድ ገደማ ነበር። አራት ቶን ተኩል። 132 ቶን የጎተተ መኪና ለምን አራት ቶን ተኩል ብቻ ይፈቀድለታል? አንዱ ውሸት ነው ማለት ነው?

አይደለም። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ግን ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው የሚናገሩት። ደልዳላ መንገድ ላይ በጎማ የሚንከባለልን ነገር ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ኃይል ከክብደቱ ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነው። የዚያን ሌሊት ዳገት አልነበረም፣ ሙቀት አልነበረም፣ የጎን ነፋስ አልነበረም፣ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲነዳ ድንገት ፍሬን የሚያስይዝ ነገርም አልነበረም። ከሁሉም በላይ ደግሞ የመንኮራኩሯ ክብደት በራሷ ጋሪ ላይ እንጂ በፒክአፑ ጀርባ ላይ አላረፈም። መኪናው ጎተተ እንጂ አልተሸከመም። ከባድ ተሳቢ ለመጎተት ፒክአፕ የሚመርጥ ሰው ገንዘቡን፣ አንዳንዴም ሕይወቱን የሚያጣው እነዚህን ሁለት ቃላት ሲያምታታ ነው። ማምታታቱ ደግሞ በገዢው ስንፍና ብቻ የመጣ አይደለም። መቶ ዓመት የፈጀ የቁጥር ታሪክ አለው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከአንድ ጀልባ ነው። በ1914 ዲትሮይት ውስጥ ፍሬደሪክ ሲብሊ የተባለ የጣውላ ነጋዴ ጀልባውን በፎርድ ሞዴል ቲ መኪናው መውሰድ ፈለገና ኦገስት ፍሩሃውፍ ወደተባለ አንጥረኛና ጋሪ ሠሪ ሄደ። ፍሩሃውፍ ከመኪናው ኋላ የሚጠመድ ባለሁለት ጎማ ጋሪ ሠራለት። ከፊል ተሳቢ ብሎም ጠራው፤ «ከፊል» የተባለው የጭነቱ ግማሽ አካል በራሱ ጎማ ላይ፣ የቀረው ደግሞ በሚጎትተው መኪና ጀርባ ላይ ስለሚያርፍ ነው። ነጋዴው ጀልባውን ካደረሰ በኋላ ለጣውላውም እንዲሁ ያለ ጋሪ አዘዘ፤ ከዚያች ሥራም ትልቅ የተሳቢ ኩባንያ ተወለደ። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚያስፈልገው፣ መጎተትና መሸከም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብረው የተጠመዱ መሆናቸውን ነው። ተሳቢ የሚጎትት መኪና ሁሉ በተወሰነ መጠን ጭነት ተሸካሚ ነው።

ፎርድ በ1925 ከፋብሪካው የጭነት ሣጥን ተገጥሞለት የሚወጣ ሞዴል ቲ ፒክአፕ በ281 ዶላር መሸጥ ጀመረ። ገዢው ገበሬ ነበር። ገበሬው ስለ መጎተት አቅም ቁጥር አልጠየቀም፤ የነገረውም የለም። ዳገቱ ላይ ከቆመ ጭነቱ በዝቷል፣ ባሌስትራው ከተሰበረ እጅግ በዝቷል። መለኪያው ይኸው ነበር።

ከዚያ በኋላ መኖሪያ ተሳቢ መጣ። አሜሪካዊው ዋሊ ባየም ኤርስትሪም የተባለውን ብርማ ተሳቢ ሠርቶ መሸጥ ብቻ አልበቃውም፤ ባለቤቶቹን በሰልፍ እየመራ አገር ለአገር ይዞራል። በ1959 የተነሳው ጉዞ ከኬፕታውን እስከ ካይሮ ነበር፤ 41 ተሳቢዎች በፒክአፕና በመሳሰሉት መኪኖች እየተጎተቱ። መንገዳቸው በኢትዮጵያ አቋርጦ ያልፋል፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ተቀብለዋቸዋል። የዚያን ጊዜውን የደቡብ መንገዳችንን ለሚያስብ ሰው፣ እነዚያ መኪኖች የገጠማቸውን ፈተና ማንም ላቦራቶሪ አያዘጋጀውም። ጎማ ፈነዳ፣ አክስል ተሰበረ፣ ተበየደ፣ ተቀጠለ። አምራቾቹ ግን ከዚህ ሁሉ የወሰዱት ቁጥር ሳይሆን ፎቶ ነበር። የጊዛ ፒራሚድ ፊት ለፊት የተሰለፉት ብርማ ተሳቢዎች ምስል ከየትኛውም የቴክኒክ ሠንጠረዥ የበለጠ ሸጠ።

ቁጥር ዋና የሽያጭ መሣሪያ የሆነው በኋላ፣ ፒክአፕ ከእርሻ መሣሪያነት ወጥቶ የቤተሰብ መኪና ሲሆን ነው። ጄኔራል ሞተርስ፣ ፎርድና ዶጅ «በክፍሉ አንደኛ» የምትለዋን ሐረግ ለመንጠቅ ተሽቀዳደሙ። ችግሩ የጋራ ሚዛን አለመኖሩ ነበር። እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን መኪና በራሱ መንገድ፣ በራሱ ዳገት፣ በራሱ ሾፌር ይፈትናል፤ ከዚያም ውጤቱን ራሱ ያውጃል። ተማሪው ፈተናውን አውጥቶ፣ ተፈትኖ፣ አርሞ፣ ማዕረጉንም ራሱ ለራሱ እንደሚሰጥ ማለት ነው። መንግሥት ስለ ጎማ፣ ስለ ፍሬን፣ ስለ መብራት ደንብ ነበረው፤ «ይህ መኪና ይህን ያህል ይጎትታል» ስለሚለው ቃል ግን አልነበረውም። ዛሬም የለውም።

በ2008 የአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ጄ2807 የተባለ የጋራ መመዘኛ አወጣ። ከፈተናዎቹ ዝነኛው በአሪዞና፣ ከኮሎራዶ ወንዝ ዳር ካለው ከዴቪስ ግድብ የሚነሳው ዳገት ነው። 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት፣ 900 ሜትር ያህል ሽቅብ። ሙቀቱ ቢያንስ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን አለበት፤ የመኪናው ማቀዝቀዣ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ይሄዳል፤ ተራው ፒክአፕ ሙሉ ጭነቱን እየጎተተ ከ64 ኪሎ ሜትር በሰዓት በታች መውረድ የለበትም፤ ሞተሩም ሆነ ካምቢዮው መጋል የለበትም። ከታች ከአባይ በረሃ ተነስቶ በቀትር ወደ ደጀን የወጣ ሾፌር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከዚህ ሌላ በ12 ከመቶ ዳገት ላይ ቆሞ ደጋግሞ የመነሳት ፈተና አለ፤ የፍሬን አለ፤ ተሳቢው ግራ ቀኝ ሲወዛወዝ ቶሎ የመርጋት ፈተናም አለ።

ጥሩ መመዘኛ ነው። ግን በፈቃደኝነት የሚገባበት ነው፤ ቀድሞ የገባ ደግሞ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ቀድማ የገባችው ቶዮታ ነበረች። በ2011 ሞዴሎቿ ላይ ስትጀምር የታንድራ ቁጥር በመቶዎች በሚቆጠር ፓውንድ ወረደ። መኪናው አልተለወጠም፤ ሚዛኑ ነው የተለወጠው። ሌሎቹ አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም ተባባሉ። ፎርድ አዲሱ ሞዴሌ ይምጣ አለ፤ ጄኔራል ሞተርስ ለ2013 ሞዴሎቹ ሊቀበል ካለ በኋላ ፎርድ ሳይገባ ብቻዬን ቁጥሬን አልቀንስም ብሎ ተመለሰ። ሦስቱ ትልልቆች በቀላል ፒክአፖቻቸው ላይ የገቡት በ2015 ሞዴሎች ነው፤ መመዘኛው ከወጣ ከሰባት ዓመት ገደማ በኋላ።

መንኮራኩሯን በ2012 የጎተተውም ያው ታንድራ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። እውነተኛውን ቁጥር አስቀድሞ የተናገረው ኩባንያ በሐቀኝነቱ ማስታወቂያ አላገኘም፤ በትርኢቱ ግን አገኘ። የገበያው ጠባይ ይኸው ነው። በ2019 ደግሞ ፎርድ በሙከራ ላይ በነበረ ኤሌክትሪክ ፒክአፕ ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የሚመዝን የዕቃ ባቡር ሲጎትት አሳየ። ብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ! ከድልድዩም የቀለለ ሥራ ነው።

የመሸከሙ ቁጥር ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በ2014 አውቶሞቲቭ ኒውስ የተባለው ጋዜጣ እንደገለጠው፣ ፎርድ ለከባድ ፒክአፑ የመሸከም አቅም ከፍ ያለ ቁጥር የሚያገኘው መኪናው ያለ ስኮርታ ጎማ፣ ያለ ክሪክ፣ ያለ ሬዲዮና ያለ መካከለኛው ኮንሶል እንደሚመዘን አድርጎ ነበር። ጄኔራል ሞተርስም በአንዳንድ መኪኖቹ ስሌት የኋላ መከላከያውንና ስኮርታውን ያወጣ ነበር። ሁለቱም አሠራሩን እንቀይራለን አሉ። ክሪክና ስኮርታ ሳይዝ ከባድ ተሳቢ ጎትቶ ረጅም መንገድ የሚወጣ ሰው ካለ፣ ቁጥሩ በትክክል ለእርሱ የተሰላ ነበር።

የሚታመነው ቁጥር ታዲያ የት ነው? በሾፌሩ በር ጥግ ላይ። እርሱም የመጣው በደም ነው። በ2000 የፋየርስቶን ጎማዎች በተለይ በፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ እየተላጡ መኪኖች ይገለበጡ ነበር፤ 6.5 ሚሊዮን ጎማ ተሰበሰበ፤ የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት 271 ሞት ከጉዳዩ ጋር አያይዟል። በዚያው ዓመት ኮንግረስ ሕግ አወጣ፤ ያንን ተከትሎ በወጣው ደንብም መኪናው ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከስንት ኪሎ በላይ መጫን እንደሌለበት የሚገልጽ ወረቀት በሩ ጥግ ላይ እንዲለጠፍ ተደረገ። ይህ ቁጥር የሞዴሉ ሳይሆን የዚያ አንድ መኪና ነው። የቆዳ ወንበር፣ የጣሪያ መስኮት፣ አራት በር የጨመረ ገዢ በዚያው ልክ የመሸከም አቅሙን ከፍሎበታል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ማስታወቂያው «5 ቶን ይጎትታል» ይላል እንበል፤ የበሩ ወረቀት ደግሞ 680 ኪሎ ይላል። ተሳቢው አራት ቶን ነው። ተሳቢ በመንገድ ላይ እንዳይወዛወዝ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 ከመቶ የሚሆነው በመጎተቻው መንጠቆ ላይ ማረፍ አለበት፤ 500 ኪሎ እንበለው። አባት፣ እናትና ሦስት ልጆች 320 ኪሎ። መጎተቻው ራሱ 40። ድምሩ 860 ኪሎ ሆነ። ገና ሻንጣ ሳይጫን መኪናው 180 ኪሎ አልፏል፤ ከአምስት ቶኑ ግን ገና አንድ ቶን «ይቀረዋል»። የኋላው ባሌስትራ ይተኛል፣ የፊቱ ጎማ ይቀላል፣ መሪው ይሳሳል፣ የሌሊት መብራቱ ወደ ሰማይ ያያል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት የከፋ ነው፦ መንጠቆውን ለማቅለል ዕቃውን ወደ ተሳቢው ኋላ ያሸሻል። ያን ጊዜ ተሳቢው እንደ ውሻ ጭራ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ቁልቁለት ላይ ከጀመረ ሾፌሩ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ ለይቶ ካልያዘ በቀር ማቆሚያ የለውም።

ትልቅ ናፍጣ ሞተር መግዛት ብቻውን ነገሩን አይፈታም። ናፍጣው ሞተር ከባድ ነው፤ ክብደቱም ከመሸከም አቅም ላይ ይቀነሳል። በዚህ ላይ ብዙ መካከለኛ ፒክአፖች ጠቅላላ ክብደታቸው 10,000 ፓውንድ ላይ ታጥሮ ይሸጣሉ፤ ይህ የሕግ መስመር ስለሆነ። በዚህ ምክንያት አንዳንዱ ግዙፍ ናፍጣ ፒክአፕ ከአንድ ቀላል የቤንዚን መኪና ብዙም የማይበልጥ ይሸከማል። በአሜሪካ በጭነት ሥራ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያን ሌላውንም መስመር ያውቁታል፦ ተሳቢው ከ10,000 ፓውንድ ካለፈና የሁለቱ የተፈቀደ ድምር 26,001 ፓውንድ ከደረሰ የንግድ መንጃ ፈቃድ ግድ ነው፣ መኪናው ፒክአፕም ቢሆን።

አውሮፓ በሌላ መንገድ ሄደ። እንደ ሃይሉክስና ሬንጀር ያሉት ፒክአፖች በአንዳንድ ሞዴሎቻቸው የሚፈቀድላቸው 3,500 ኪሎ ነው፤ የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከሆነ ደግሞ 750 ኪሎ ብቻ። ጀርመን ውስጥ ተሳቢ የሚጎትት መኪና በመደበኛው ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለፍ አይችልም። ፍጥነቱ ስለተገደበ በመንጠቆው ላይ የሚያርፈውም ክብደት ከአሜሪካው ያነሰ ነው። አዲስ አበባ ላይ በሃይሉክሱ የጄነሬተር ወይም የውኃ ተሳቢ ለመጎተት የሚያስብ ሰው የአሜሪካን ቪዲዮ አይቶ የሚወስነው ውሳኔ፣ የሌላ አገር መኪና ለሌላ አገር መንገድ የተሰጠ ቁጥር ላይ የቆመ ነው። ተሳቢው የራሱ ፍሬን አለው ወይ የሚለው ጥያቄ ከሞተሩ ጉልበት በፊት መምጣት ነበረበት።

የቁጥሩ ሩጫ እንደቀጠለ ነው። ራም በ2013 ሞዴሉ 30,000 ፓውንድ አለ፤ በ2019 35,100። ሼቭሮሌ በ2020 35,500 አለ፤ ፎርድ በዚያው ዓመት 37,000፣ በ2023 ደግሞ 40,000 ፓውንድ። 18 ቶን ማለት ነው። ከማስታወቂያው ግርጌ ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍ ያነበበ ሰው፣ ይህ ቁጥር የሚሠራው ባለሁለት በር፣ በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳ፣ ከኋላ ጥንድ ጎማ ላለውና ተሳቢውን በጭነት ሣጥኑ ውስጥ ከአክስሉ በላይ ለሚጠምድ ኤፍ-450 መሆኑን ያገኛል። ባለአራት በሩን፣ በአራት ጎማ የሚነዳውን መኪና ገዝቶ ቤተሰቡን ጭኖ የሚወጣው ሰው ቁጥር ሌላ ነው። ግራውን በር ሲከፍት በጥግ ያገኘዋል።