መሪ ውሻ በሩ ላይ ቢደርስ

ጠዋት ልደታ ፍርድ ቤቱ አካባቢ የሚያልፍ ሰው ብዙ ዓይነት ተጓዥ ያያል፤ ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ባለጉዳይ፣ ምስክር፣ ካባውን በክንዱ ያንጠለጠለ ጠበቃ። ከእነዚህ ጠበቆች አንዱ ወዳጄ ነው። ስድስት ኪሎ ሕግ ፋኩልቲ አብረን ተምረናል። ዓይነ ስውር በመሆኑ እኔ አነብለት ነበር። እሱ ደግሞ አንድ ጊዜ የሰማውን አንቀጽ አይረሳምና ፈተና ሲደርስ እኔን ያስጠናኝ ነበር። ማን ማንን እንደረዳ ዛሬም አልተስማማንም።

ይህ ወዳጄ ከጥቂት ዓመታት በፊት ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ የእጁ አንጓ ተሰበረ። ጠዋት ደህና የነበረ የእግረኛ መንገድ ከሰዓት በኋላ ተቆፍሮ፣ አጥርም ምልክትም ሳይደረግለት ቀርቷል። ልጠይቀው ቤቱ ስሄድ ጨዋታ እንዲሆነን አሜሪካ የምትኖር ታናሽ እህቴ ዓይነ ስውር የሚመራ ውሻ ለማፍራት ቡችላ ተቀብላ በነፃ እያሳደገች መሆኗን አወራሁለት። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ የጠበቃ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ «እሺ፣ ቡችላውን አንተ አሳደግክልኝ እንበል። ፍርድ ቤት በር ላይ ስንደርስ ያስገቡናል?»

የዚያን ዕለት መልስ አልነበረኝም።

በመጀመሪያ ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። መሪ ውሻን በትምህርት ቤት ደረጃ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1916 በጀርመን ኦልደንበርግ ከተማ ሲሆን፣ ምክንያቱም ጦርነት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸው የጠፋ ወታደሮች በርካታ ነበሩ፤ ዶክተር ጌርሃርድ ሽታሊንግ ለእነሱ ብሎ ማሠልጠኛውን ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1927 በስዊዘርላንድ ትኖር የነበረች ዶሮቲ ዩስቲስ የተባለች አሜሪካዊት ስለ ጀርመኖቹ ውሾች በአንድ መጽሔት ላይ ጻፈች። ጽሑፉ የተነበበለት ሞሪስ ፍራንክ የተባለ የናሽቪል ወጣት «እኔንም አሠልጥኑኝ» ብሎ ደብዳቤ ላከላት። ስዊዘርላንድ ሄዶ ሠልጥኖ፣ በዲ የተባለች ውሻውን ይዞ ተመለሰ። በ1929 ሲንግ አይ የተሰኘው የአሜሪካ ትምህርት ቤት ተቋቋመ። እንግሊዝ በ1931 ተከተለች። በአህጉራችን ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1953 የራሷን ማኅበር መሥርታለች።

ቡችላን በበጎ ፈቃደኛ ቤት ማሳደግ ዘግየት ብሎ የመጣ ሐሳብ ነው። ሲንግ አይ እ.ኤ.አ. በ1942 ቡችሎቹን ፎር ኤች በሚባለው የገጠር ወጣቶች ክበብ አባላት ቤት ማሳደር ጀመረ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በበረት ያደገ ውሻ በረት እንጂ ዓለምን አያውቅም። ደረጃ፣ አሳንሰር፣ ጡሩምባ፣ የሕፃን ለቅሶ፣ የሥጋ ሽታ፣ ይህ ሁሉ በቡችላነቱ ካልተለመደ ኋላ የሰው ሕይወት ይዞ መንገድ ሲሻገር ያስደነግጠዋል።

እህቴ ቡችላዋን የተረከበቻት የሁለት ወር ያህል ልጅ ሆና ነው። ጥቁር ላብራዶር ነበረች። እናታችን በስልክ ሲሰሙ «የሰው ውሻ ነው የምታሳድጊው? ያውም ቤት ውስጥ!» አሏት። ለነገሩ እኔም ብሆን ውሻ ግቢ እንጂ ሳሎን ገብቶ አላየሁም። በዚያው ዓመት ልጠይቃት ሄጄ አምስት ሳምንት ስቀመጥ ግን ሐሳቤን ለወጥሁ። ቡችላዋ «ተቀመጪ» እና «ቆይ» መማሯ አልነበረም የደነቀኝ፤ ይህን ማንም ውሻ ይማራል። የደነቀኝ የምትማረው ሁሉ «አለማድረግ» መሆኑ ነው። መሬት የወደቀ ዳቦ አለማንሳት። ድመት አለማሳደድ። ሰው ላይ አለመዝለል። ምግብ ቤት ጠረጴዛ ሥር አንድ ሰዓት ተኝቶ ምንም አለመጠየቅ። ሌላው ቀርቶ ሽንቷን እንኳ በታዘዘች ጊዜና ቦታ ብቻ ነው የምትሸናው። ከቤት ስትወጣ ሰደርያዋን ታደርጋለች፤ ሰደርያውን ካደረገች ሥራ ላይ ናትና ማንም እንዲደባብሳት አይፈቀድም። እህቴ በየሳምንቱ አውቶቡስ፣ ባቡር፣ ገበያ፣ ባንክ፣ ሐኪም ቤት ትወስዳት ነበር። እኔም እከተላለሁ። ምግቧን እህቴ ትገዛለች፤ የእንስሳት ሐኪሙን ትምህርት ቤቱ ይከፍላል።

ዋናው ሥልጠና የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ሲሆናት ቡችላዋ ወደ ትምህርት ቤቱ ትመለሳለች። እዚያ ለወራት፣ ጀርባዋ ላይ ባለ እጀታ የቆዳ ማሰሪያ ታስሮላት፣ የመንገድ ጠርዝ ላይ መቆምን፣ ጉድጓድና እንቅፋት ማለፍን፣ ለራሷ የማይነካት ለሰውየው ግንባር ግን የሚደርስ ቅርንጫፍ መሸሽን ትማራለች። ብዙ ሰው ውሻዋ መብራት አንብባ የምታሻግር ይመስለዋል። አይደለም። የሚወስነው ሰውየው ነው፤ የመኪናውን ድምፅ አዳምጦ «ወደፊት» ይላል። እሱ ተሳስቶ መኪና እየመጣ ከሆነ ግን ውሻዋ እምቢ ማለት አለባት። ታዛዥነትን ዓመት ሙሉ ያስተማሯትን እንስሳ፣ በስተመጨረሻ መቼ አለመታዘዝ እንዳለባት ያስተምሯታል። የመንግሥት ሠራተኛ ሆኜ በቆየሁባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ኮርስ ሲሰጥ አላየሁም።

ከዚያ በአካሄድ ፍጥነትና በአኗኗር የሚገጥማት ዓይነ ስውር ተፈልጎ፣ ሁለቱ ለሳምንታት አብረው ይሠለጥናሉ። ብዙ ውሾች እዚህ ሳይደርሱ ይቀራሉ።

ወደ ወዳጄ ጥያቄ ልመለስ። አሜሪካ ሳለሁ በየሱቁ በር ላይ የሚደረገውን በጠበቃ ዓይን ሳስተውል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕጋቸው አገልግሎት ሰጪ ውሻ ሕዝብ በሚገባበት ሁሉ እንዲገባ ያስገድዳል። ባለሱቁ ሊጠይቅ የሚችለው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ውሻው ከጉዳቱ የተነሳ የሚያስፈልግ ነወይ? ምን ሥራ እንዲሠራ ሠልጥኗል? ወረቀት አምጣ አይልም። ነገር ግን ይህ የፌዴራል ሕግ ሠልጥኖ ለጨረሰ ውሻ እንጂ በሥልጠና ላይ ላለ ቡችላ አይሠራም። ለቡችላዋ በሩን የሚከፍትላት የየክፍለ ግዛቱ ሕግ ነው። እንግዲህ የእህቴ ድካም ሁሉ የቆመው በዚህች ሕግ ላይ ነበር። በሮች ቢዘጉባት ኖሮ ያሳደገችው ተራ የቤት ውሻ ይሆን ነበር።

የእኛ ሕግስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንስሳን በሚገባ ያውቀዋል፤ አንቀጽ 2071 እንስሳው በድንገት ቢያመልጥም፣ ጉዳቱ የማይገመት ቢሆንም ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል። ውሻን የሚያውቀው በሚያደርሰው ጉዳት ነው ማለት ነው። በ2000 የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 568 አሠሪው ረዳት እንዲመድብ ያዛል፤ በሐሳቡ ያለው ሰው ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ ሲወጣ በአንቀጽ 36 ያሰበው ተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ነበር። ደረጃውን መውጣት ለሚችል፣ ነገር ግን የት እንዳለ ለማያይ ሰው ያለው ነገር የለም።

በጎ ዜናው በ2002 በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቅነው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን ነው። አንቀጽ 20 ስለ መንቀሳቀስ ሲናገር «ሕያው ረዳት» የሚል ሐረግ አለው። ሕያው ይላል እንጂ ሰው አይልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9(4) ያጸደቅናቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ስለሚል፣ ውሻው ጉዳይ ሆኖ ችሎት ቢቀርብ ክርክሩን የምጀምረው ከዚህ ነው። የጥበቃ ሠራተኛ ግን ኮንቬንሽን አያነብም። አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ «ዓይነ ስውር የሚመራ ውሻ ቢመጣ ታስገባለህ?» ብዬ ፈታሹን ብጠይቀው «ሰውየውን አስገባለሁ» አለኝ። ልክ ነው፤ ሌላ መመሪያ አልተሰጠውም።

እውነቱን ለመናገር ነገ ጠዋት የውሻ ትምህርት ቤት ይከፈት አልልም። ባለቤት የሌላቸው ውሾች በመንጋ በሚያድሩበት ሰፈር፣ የእብድ ውሻ በሽታም ባልጠፋበት ከተማ፣ ማሰሪያ ያደረገች አንዲት ላብራዶር ሰውዋን ትታ ራሷን መከላከል ይኖርባታል። ውሻን እንደ ርኩስ የሚያዩ አማኞች፣ ክርስቲያኖችም ሙስሊሞችም፣ አብረዋት ታክሲ እንዲገቡ ማግባባት ጊዜ ይወስዳል። ነገር ግን ቡችላዋ የምትፈልገው፣ ወዳጄ በነጭ በትሩም የሚፈልገው አንድ ዓይነት ነው፤ ክዳን ያለው ጉድጓድ፣ የታጠረ ቁፋሮ፣ ያልተቆራረጠ የእግረኛ መንገድ። በ1998 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን አሳይቷል። ይህ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ አይደለም።

ደግሞም እኛ አገር መሪ የለም ማለት አይደለም። መሪው ልጅ ነው። ወዳጄ ከገጠር ሲመጣ ታናሽ እህቱ ትመራው ነበር። እሱ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እሷ አራተኛ ክፍል ነበረች፤ በየቀኑ እሱን አድርሳ ስትመለስ የጠዋቱ ትምህርት ያልፋት ነበር። ይህን የነገረኝ በቅርቡ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስናወራ አንስቶት አያውቅም።

የእህቴ ቡችላ ፈተናውን አለፈች። አሁን አንዲት አስተማሪ ትመራለች። እህቴ ለርክክቡ ሄዳ፣ ሴትዮዋ እጀታውን ይዛ ስትሄድ ውሻዋ ዞራ እንኳ ሳታያት ቀረች፤ አሠልጣኙ ጥሩ ምልክት ነው አላት። ይህን ለወዳጄ ሳወራለት ስለ ውሻዋ ምንም አልጠየቀኝም።

«አስተማሪዋ ትምህርት ቤት የምትገባው በየትኛው በር ነው?» አለኝ።

በዋናው በር ነው አልኩት።