ዓባይ የመገበው ባሕር

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ነገር ግን ዓባይ ማደሪያ አለው። ይኸውም ከነሸር ወደ ቀርሜሎስ ተራራ ወጣ ሲሉ ከሐይፋ ባሻገር የሚታየው የሜዲትራንያን ባሕር ነው።

በተወለድንበት አገር ክረምት ሲገባ ከጎጃምና ከጎንደር ደጋ የታጠበው አፈር፣ በዓባይና በተከዜ ጎርፍ ተጭኖ፣ ሱዳንንና ግብፅን አልፎ ባሕር ይገባ ነበር። ጎርፉም የባሕሩን ዳርቻ ተከትሎ ወደ ምሥራቅ በመታጠፍ እስከ እስራኤል ጠረፍ ይደርስ ነበር።

በዚህ አፈር የሚጠቀሙት ፕላንክተን የሚባሉ ደቃቅ ፍጥረታት ናቸው። የአብዛኞቹ አካል አንድ ሕዋስ ብቻ ስለሆነ ያለ ማይክሮስኮፕ አይታዩም። ዓይነታቸው ግን እጅግ ብዙ ነው። ዲያቶም የሚባሉት መስተዋት የሚመስል ቅርፊት አላቸው፤ ሌሎቹ የኖራ ቅርፊት ይለብሳሉ፤ ጅራፍ በሚመስል ጭራ የሚዋኙም አሉ። ብዙዎቹ እንደ ተክል ከፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ይሠራሉ። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከሚመረተው ኦክስጅን ግማሽ ያህሉ የእነርሱ ሥራ ነው።

ጎርፉ ሲደርስ በተለይ ዲያቶሞች እንደ አዝመራ ይበዙ ነበር። ሰርዲን የተባለው ዓሣም ምግብ ፍለጋ ወደ ወንዙ አፍ ይሰበሰብ ነበር።

ግብፅ ታላቁን የአስዋን ግድብ ስትሠራ እ.ኤ.አ. በ1964 ውኃው መጠራቀም ጀመረ፤ አፈሩም ከግድቡ ኋላ ቀረ። የዲያቶሞቹ አዝመራ ጠፋ። በ1962 18 ሺህ ቶን ያህል የነበረው የግብፅ የሰርዲን ምርት በ1968 ከ500 ቶን በታች ወረደ። ከ1980ዎቹ ወዲህ የዓሣው ምርት ቢያገግምም፣ ተመራማሪዎች እንደሚሉት ለዚህ ዋናው ምክንያት ከእርሻ ማዳበሪያና ከከተሞች ፍሳሽ የሚገባው ምግብ ነው።

ከእስራኤል ጠረፍ ራቅ ያለው ባሕር ግን ዛሬም በምግብ ድሃ ነው። በዚያ የሚበዙት ጥቂት የሚበቃቸው፣ ከሁሉም ያነሱት ናቸው። ከእነዚህ አንዱ በ1980ዎቹ የተገኘው ፕሮክሎሮኮከስ ነው፤ ሺህ ያህሉ ቢሰለፉ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞሉም። በሐይፋ ተል ሺቅሞና ያለው ብሔራዊ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ይህን ባሕር ያጠናል።

እንግዲህ ልጆቻችን በትምህርት ቤት ስለዚህ ባሕር ሲማሩ እኛ ወላጆች ዝም የምንልበት ምክንያት የለም። እኛ ወደዚህ ከመምጣታችን ከብዙ ሺህ ዓመታት ጀምሮ የእርሻችን አፈር ይህን ባሕር ሲመግብ እንደኖረ እንንገራቸው።